ተጣጣፊው ካሜራ በብቸናና በሞጣ

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2000 የወጣው ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ከሞጣ በታች ባለው የዓባይ ሸለቆ የተነሣ አንድ ፎቶ አትሞ ነበር። ቦታው ሰባራ ድልድይ ነው። መካከሉ በጎደለው ግንብ ላይ በዚህና በዚያ ማዶ የቆሙ ሰዎች በገመድ የታሰረ መንገደኛ ከውኃው በላይ እየጎተቱ ያሻግራሉ። በአፄ ፋሲለደስ ዘመን እንደተሠራ የሚነገርለት ይህ ድልድይ ወገቡ የተቆረጠው በጣሊያን ወረራ ጊዜ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ የጎጃምና የበጌምድር ሰው በገመድ ሲሻገርበት ቆይቶ ነበር። ኔቫዳ ዊየር ያነሣችውን ይህን ፎቶ ኬን ፍራንዝ የተባለ አሜሪካዊ የግንባታ ሰው አየው። እ.ኤ.አ. በ2001 ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ የተባለውን ድርጅት መሠረተ፤ በተከታዩ ዓመትም የጎደለው ወገብ በብረት ተጋጠመ።

አንድ ወረቀት ላይ ያረፈ ምስል ይህን ያህል ሥራ ከሠራ፣ ምስሉን የሚይዘው መሣሪያም ታሪኩ በቁም ነገር ሊነገርለት ይገባል። ዲጂታል ከመምጣቱ፣ ባለ 35 ሚሊሜትር ፊልም ካሜራም ከመስፋፋቱ በፊት ለበቅሎ መንገድና ለእግር ጉዞ የሚመቸው ተጣጣፊው ካሜራ ነበር። ክዳኑ ሲከፈት ሌንሱ በሐዲድ ላይ ተንሸራቶ ይወጣል፤ ከኋላው እንደ አንጥረኛ ወናፍ የተጣጠፈ ቆዳ ይዘረጋል። ሲዘጋ ኮት ኪስ ውስጥ ይገባል። ኮዳክ እንዲህ ያለውን የኪስ ካሜራ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ መጨረሻ ነው። በ1912 የጀመረው ቬስት ፖኬት በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የወታደር ካሜራ እየተባለ ተሸጠ። በ1926 አራት የጀርመን ፋብሪካዎች ተዋሕደው ዛይስ አይኮን ሲሆኑ ኢኮንታና ኔታር የተባሉት ተጣጣፊዎች ተከታትለው ወጡ። አግፋ ኢዞሌትን፣ ፎክትሌንደር ቤሳን ሠራ። ሶቪየቶችም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የኢኮንታን አምሳያ ሞስክቫ ብለው አወጡ።

ብቸናና ሞጣ የሚገኙበት ምሥራቅ ጎጃም ከካሜራ ጋር የተዋወቀው በብዙ በር ነው። ጎጃምን ይገዙ የነበሩት ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት እ.ኤ.አ. በ1924 ከአልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ጋር አውሮፓን ሲዞሩ የጋዜጣ ፎቶ አንሺዎች በየደረሱበት ከተማ አንሥተዋቸዋል። እንግዳውም ወደ ጎጃም መጣ። በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሮበርት ቺዝማን እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 በነበረው ቆይታ የዓባይን ሸለቆ ዳር ዳሩን ተከትሎ ካርታውን ሠራ፤ በ1936 ያሳተመው የጣናና የዓባይ መጽሐፍም በራሱ ጉዞ የተነሡ ፎቶዎችን ይዟል። የበቅሎ ጭነት ሲራገፍ፣ ወንዝ ሲሻገሩ፣ ገደል ሲወርዱ ካሜራው አብሮ ነበር።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። የኢጣሊያ መንግሥት የፊልምና የፎቶ ተቋም የሆነው ኢስቲቱቶ ሉቼ እ.ኤ.አ. በ1935 ለምሥራቅ አፍሪካ የሚሠራ ልዩ ክፍል አሥመራ ላይ አቋቋመ። ተራው ወታደርም የራሱን ካሜራ በሻንጣው ይዞ ነበር የዘመተው፤ የወታደሮቹ የግል አልበሞች እስከ ዛሬ በጣሊያን ቤተሰቦች እጅ ይገኛሉ። ያ ሁሉ ምስል በወራሪው ዓይን የታየ አገር ነው። በሌላ በኩል በብቸናና በአካባቢው በረሃ አምስት ዓመት ሙሉ የተዋጉት ደጃዝማች በላይ ዘለቀ፣ በጥር 1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በስቅላት የተቀጡት እኚያ አርበኛ፣ ለዛሬው ትውልድ መልካቸው የሚታወቀው በእጅ በሚቆጠሩ ጥቁርና ነጭ ፎቶዎች ነው። ይህ ሚዛን ያስቆጫል። ካሜራ የያዘ ወገን ብዙ ምስል ትቶ አለፈ፤ ያልያዘው በቃልና በቀረርቶ ተረፈ። በየሣጥኑ ያለ አሮጌ ካሜራና አሮጌ ፊልም እንደ ውድ ዕቃ ሊታይ የሚገባውም ስለዚህ ነው።

የተጣጣፊው ካሜራ ትልቁ ሀብት የፊልሙ ስፋት ነው። 120 የሚባለው ጥቅል ፊልም እ.ኤ.አ. ከ1901 ጀምሮ የነበረ ሲሆን አሁንም በፋብሪካ ይሠራል። በብዙ ተጣጣፊዎች አንዱ ጥቅል 6 በ9 ሴንቲ ሜትር የሆኑ 8 ፎቶዎች ያወጣል። ይህን የሚያህል ፊልም ለማተም ማጉያ መሣሪያ አያስፈልግም። የታጠበው ፊልም ከፎቶ ወረቀቱ ጋር ከመስታወት ሥር ይጣበቃል፤ በፋኖስ ወይም በቀን ብርሃን ተመጥኖ ይበራበታል፤ ወረቀቱ በመድኃኒት ይታጠባል። ፊት የሚለይበት፣ በደብዳቤ ፖስታ የሚላክ ፎቶ ይወጣል። 24 በ36 ሚሊሜትር የሆነው ትንሹ ፊልም ግን ማጉያን፣ ማጉያውም ኤሌክትሪክን ይፈልጋል። ኤሌክትሪክ ባልደረሰበት የአውራጃ ከተማ ፎቶ ቤት መክፈት ይቻል ወይም አይቻል የሚወስነው ይኸው ልዩነት ነበር።

ሙያው ሥር የሰደደው አዲስ አበባ ላይ ነው። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን እ.ኤ.አ. በ1905 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ የአፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ሆነ፤ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶኒም ካሜራውን ወረሱ፣ ቶኒ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ፎቶ አንሺ ነበር። ወደ አውራጃ ከተሞች ፎቶን የጠራው ግን መዝገብ ነው። የብሔራዊ ፈተና ቅጽ፣ የመንጃ ፈቃድ፣ የመንግሥት ሠራተኛ ማኅደር፣ ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የቀበሌ መታወቂያ ሁሉም ጉርድ ፎቶ ይላሉ። ነጭ አንሶላ በግድግዳ ላይ ተወጥሮ፣ ከፊቱ በርጩማ ተቀምጦ፣ ሰውየው ኮቱን ቆልፎ አገጩን ቀና አድርጎ የሚነሣው ጉርድ በብዙ ቤተሰብ ውስጥ የአባት ወይም የእናት ብቸኛ ምስል ሆኖ ቀርቷል። ከለቅሶ በኋላ በትልቁ ታትሞ በፍሬም የሚሰቀለውም እሱ ነው።

አሁን ካሜራው ሲታመም ወደሚጠገነው ክፍል፣ ወደ ሻተሩ። ሻተር በሌንሶቹ መካከል የተቀመጠ ክብ የብረት ቤት ነው፤ ውስጡ እርስ በርስ የሚደራረቡ እጅግ ስስ የብረት ቅጠሎች አሉ። ሞላው ሲለቀቅ ቅጠሎቹ ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ። ከባዱ ነገር በመክፈትና በመዝጋት መካከል ያለው ጊዜ ነው። ቅጠሎቹን አንድ ሰከንድ ሙሉ፣ ወይም የሰከንድ አንድ አሥረኛ ብቻ፣ ከፍቶ የሚያቆያቸው ምንድን ነው? የሙኒኩ ፍሪድሪኽ ዴከል ኮምፓውንድ በተባለው ሻተር ውስጥ ይህን ሥራ ለአየር ፒስተን ሰጥቶ ነበር። አየር በሙቀትና በእርጥበት ጠባዩ ስለሚለዋወጥ እ.ኤ.አ. በ1912 ባወጣው ኮምፑር ፒስተኑን አስቀርቶ ከሰዓት የተወሰዱ ተከታታይ ጥርሶችን አስገባ። ሞላው ጥርሶቹን እየገፋ ያልፋል፤ በመጨረሻው ጥርስ ላይ ያለችው ትንሽ መወዛወዣ ወዲያና ወዲህ እየተመታች ታዘገየዋለች። ያ መዘግየት ነው ጊዜውን የሚለካው። አንድ ሰከንድ ላይ ተደርጎ ሲለቀቅ የሚሰማው የዝዝታ ድምፅም ከዚያ የሚመጣ ነው። በካልምባኽ የነበረው የአልፍሬድ ጋውቲየር ፋብሪካ ፕሮንቶርን በዚሁ ብልሃት ሠራ። ጃፓን ውስጥ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ነው፤ ለካሜራ ሻተር ካቀረቡት መካከል የሲኮ ሰዓት ይወጣበት የነበረው ሴይኮሻ እና ሲቲዝን ይገኛሉ። ሁለቱም የሰዓት ፋብሪካዎች ናቸው።

እንግዲህ የካሜራ ባለሙያ በሌለበት ከተማ የታመመውን ተጣጣፊ ወደ ሰዓት ሠሪ መውሰድ የቸገረው ሰው ዘዴ ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባም። ትክክለኛው ቤት እሱ ነው። በሱቅ በረንዳ ላይ የምትቀመጠው ባለ መስታወት ትንሽ ጠረጴዛ የሻተር ጥገና የሚጠይቀውን ሁሉ ይዛለች፦ በዓይን የሚያዝ አጉሊ መነጽር፣ ወረንጦ፣ ቀጫጭን ካቻቢቴዎች፣ ለስላሳ ብሩሽ፣ በብልቃጥ ያለ ቤንዚን፣ በመርፌ ጫፍ የሚሰጥ የሰዓት ዘይት። ከመሣሪያው ይልቅ የሚበልጠው ደግሞ እጁ ነው። ትንሽ ሞላ ስትፈናጠር ወዴት እንደምትሄድ የሚያውቅ፣ ብሎን ሲጠና ኃይል የማይጨምር እጅ።

ሻተር ለምን ይጣበቃል? በአብዛኛው ተበልቶ አይደለም። ፋብሪካው የቀባው ዘይትና ግራሶ በዓመታት ብዛት ቀላሉ ክፍሉ ይተንና የቀረው ወደ ሙጫነት ይለወጣል። የተነነው እንፋሎትም ሄዶ ቅጠሎቹ ላይ ያርፋል። ቅጠሎቹ እጅግ ስስ ስለሆኑ፣ የሚገፋቸው ሞላም ደካማ ስለሆነ፣ በዓይን የማይታይ የዘይት ሽፋን እርስ በርስ ለማጣበቅ ይበቃል። በዚህ ላይ የአገሩ ጠባይ ይጨመራል። ብቸናና ሞጣ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ የተቀመጡ የጤፍ አገር ከተሞች ናቸው። በውቂያ ወራት እብቅና ብናኝ ከነፋስ ጋር ይገባል፤ የበጋው የመንገድ አቧራም እንዲሁ። ክረምቱ ሌንስ ላይ ሻጋታ ያበቅላል። ካሜራው የሚቀመጥበት ቤት ምድጃ ካለው ጥላሸቱና የወጡ ቅባት በሣጥን ስንጥቅ ሳይቀር ያልፋል። የተጣጣፊው ወናፍም በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር አየር ይስባል፣ አየሩ የያዘውንም አብሮ ያስገባል።

ሌላው ምክንያት ብዙ ጊዜ አይነሣም፤ የፀሐዩ ብርታት ነው። በደጋ ፀሐይ፣ በደጅ የሚሠራ ፎቶ አንሺ አይኤስኦ 100 በሆነ ፊልም የሌንሱን ቀዳዳ ኤፍ 16 ላይ አድርጎ በ1/100 ሰከንድ ያነሣል። ከዚያ ብዙም ዝቅ የሚልበት ምክንያት የለውም። ሻተሩ በፈጣኑ በኩል ሲሠራ የማዘግያ ጥርሶቹ ከሥራ ውጭ ናቸው ማለት ይቻላል። አንድ ሰከንድ፣ ግማሽ፣ አንድ አምስተኛ የሚሉት ቁጥሮች ለዓመታት ሳይነኩ ይቀመጣሉ፤ ዘይቱም እዚያው ይደርቃል። ሕመሙ የሚጀምረው ከዘገምተኛው በኩል መሆኑ ከዚህ ይመጣል። ባለቤቱ 1/100 ላይ ተጭኖ «ደህና ነው» ይላል፤ ቤት ውስጥ አንድ ሰከንድ ሲሞክር ሻተሩ ተከፍቶ ይቀራል።

በዚህ ጊዜ ብዙ እጅ የሚሠራው ስሕተት ዘይት መጨመር ነው። ካሜራው ለአንድ ሳምንት ይነቃል፤ ከዚያ ዘይቱ ወደ ቅጠሎቹ ይወርድና ከመጀመሪያው የባሰ ይጣበቃል። መድኃኒቱ ማጠብ ነው፣ ያውም ደጋግሞ።

ሥራው የሚጀምረው ከፊት ሌንስ ነው። በኢኮንታ፣ በኔታርና በኢዞሌት ትኩረት የሚስተካከለው ይኸው የፊት ሌንስ ራሱ እየዞረ ስለሆነ፣ ከመፈታቱ በፊት የሩቅ ምልክቷ ላይ፣ ማለት በተጋደመችው ስምንት ላይ ተደርጎ ቦታው በመርፌ ጫፍ ምልክት ይደረግበታል። ይህ ከተረሳ ካሜራው ከጥገና በኋላ ሁሉንም ነገር አደብዝዞ ያነሣል። የአግፋዎቹ የትኩረት ግራሶ አረንጓዴ ድድር ሆኖ ሌንሱን ከነቤቱ የሚያጣብቅ በመሆኑ የታወቀ ነው። በጉልበት ከመታገል ይልቅ ቤንዚን በጥርሶቹ ዙሪያ አንጠባጥቦ ማሳደር፣ ከዚያም በመጠኑ አሙቆ ማዞር ይሻላል። ሌንሱ ሲወጣ የቁጥር ቀለበቱን የያዘችው ትንሽ ብሎን ትፈታለች፣ ቀለበቱ ይነሣል፣ ከሥሩ ሞላውና ጥርሱ ይታያል። ብልህ ሠራተኛ እዚህ ላይ ቆም ብሎ ያየውን በወረቀት ይስላል፤ የዛሬው በስልኩ ያነሣዋል።

ቤንዚኑ ንጹሕ መሆን አለበት። ለላይተር የሚሸጠው ዓይነት ጥሩ ነው፤ ከማደያ የሚቀዳው ሲደርቅ ቅሪት ይተዋል፣ ነጭ ጋዝም ራሱ ቅባት አለው። ትነቱ በቀላሉ ስለሚያያዝ በአጠገቡ ኩራዝም ሆነ የሲጋራ እሳት መኖር የለበትም፣ መስኮትም ይከፈታል። በጥጥ በተጠቀለለ ስንጥር ጫፍ ጠብታው ወደ ቅጠሎቹና ወደ ማዘግያ ጥርሶቹ ይገባል፤ ሻተሩ ይለቀቃል፣ የወጣው ጥቁር ፈሳሽ ይጠረጋል፣ እስኪደርቅ ይጠበቃል፣ እንደገና ይደገማል። እርጥብ ሳለ ሁልጊዜ የሠራ ይመስላል፤ እውነቱ የሚታወቀው ደርቆ ሲሞከር ነው። ጥጡ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ መደጋገም ያስፈልጋል። ቅጠሎቹ ፈጽሞ ዘይት አይነኩም። የጥርሶቹ ዘንግ ብቻ፣ ያውም የግድ ካለ፣ በመርፌ ጫፍ የተያዘች የሰዓት ዘይት ትበቃዋለች።

በኮምፑር ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ከፍተኛው ፍጥነት፣ 1/400 ወይም 1/500፣ ተጨማሪ ሞላ ስለሚያስነሣ ሻተሩ ከመወጠሩ በፊት መመረጥ አለበት፤ ከተወጠረ በኋላ ቀለበቱን ወደዚያ መግፋት ሊሰብረው ይችላል። ራስን ለማንሣት የምታገለግለው ማዘግያም በአሮጌ ካሜራ ላይ ባትነካ ይመረጣል፤ እሷ ከተጣበቀች ሙሉውን ሻተር ይዛ ትቀራለች።

ወናፉ የሚመረመረው በጨለማ ክፍል ነው። ትንሽ አምፖል ወይም የእጅ ባትሪ ውስጡ ሲበራ በእጥፋቶቹ ማዕዘን ላይ የተበሱ ነጥቦች ይታያሉ፤ ጥቂት ከሆኑ በጥቁር የጨርቅ ቀለምና በማጣበቂያ ይደፈናሉ፣ ብዙ ከሆኑ ስስ ቆዳ ተቆርጦ አዲስ ይታጠፋል፤ ይህም ቆዳ ፋቂና መጽሐፍ ጠራዥ የሚያውቁት ሥራ ነው። የሌንሱ ትኩረት ደግሞ ፊልሙ በሚያርፍበት ቦታ ጭጋጋማ ላስቲክ ወይም ስስ የንድፍ ወረቀት ተወጥሮ፣ ሻተሩ ተከፍቶ፣ በአጉሊ መነጽር ይስተካከላል። ለዚህ ሩቅ ነገር ያስፈልጋል። ሁለቱም ከተሞች ጮቄ አላቸው፤ ከብቸና በስተ ሰሜን ምዕራብ፣ ከሞጣ በስተ ደቡብ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ የወጣ ተራራ። ጥርት ባለ ጠዋት ጠርዙ በወረቀቱ ላይ ተገልብጦ ቀጭን መስመር ሲሆን ሌንሱ ቦታውን አግኝቷል። ደመና ከጋረደው አንድ ኪሎ ሜትር ያህል የራቀ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት ይበቃል።

ይህ ሁሉ ዕውቀት እየሳሳ ነው። በደርግ ዘመን ወደ ሶቪየት ኅብረትና ወደ ምሥራቅ ጀርመን ለትምህርት የሄዱ ወጣቶች ዜኒትና ፕራክቲካ የተባሉ ካሜራዎች ይዘው ተመለሱ፤ ቀጥሎ ባለ ቀለም ፊልም በማሽን የሚያጥቡ ቤቶች መጡ፤ ከዚያ ስልክ ሁሉንም ተካ። ተጣጣፊው ወደ ሣጥን ገባ። ሰዓት ሠሪውም ባለ ሞላ ሰዓት በባትሪ ሰዓት ሲተካ ሥራው ወደ ባትሪ መቀየርና ወደ ማሰሪያ መቁረጥ ጠበበ። ጥርስ የሚያጥበው እጅ ካረጀ ሻተሩንም የሚያነቃው የለም፤ በየከተማው ያሉት ጥቂት አንጋፋዎች ለአንድ ወጣት ይህን ሙያ ሊያሳዩበት የሚችሉበት ጊዜ አሁን ነው።

ከሣጥን የወጣ ተጣጣፊ ከመከፈቱ በፊት ግን ጀርባው ላይ ያለችውን ቀይ መስኮት ማየት ይገባል። በመስኮቷ ቁጥር ወይም ወረቀት ከታየ ውስጡ ፊልም አለ። የሞተው ባለቤት ያነሣው፣ ሳይታጠብ የቀረ ፊልም ሊሆን ይችላል። ጥቁርና ነጭ ፊልም ደግሞ በደረቅ ቦታ ከቆየ ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላም ምስል ሊሰጥ ይችላል። ስለዚህ ካሜራው ታጥፎ እንዳለ መጠምጠሚያው በቀስታ እስከ መጨረሻው ይዞራል፤ ክዳኑ በጨለማ ይከፈታል፤ ጥቅሉ እንዳይላላ በላስቲክ ታስሮ ብርሃን በማያስገባ ነገር ይጠቀለላል፤ ፊልም በእጁ የሚያጥብ ባለሙያ እስኪገኝም ከምድጃና ከፀሐይ ርቆ ይቀመጣል።